ዝርዝር የለም፣ ከረሜላ አለ

በቀደም ጥርሴን ያየልኝ ሐኪም አፌን አስከፍቶ ብዙ ከቆየ በኋላ፣ "አባቴ፣ በወጣትነትዎ ጣፋጭ ያበዙ ነበር?" አለኝ። "የለም፣ ሳሙና ነበር የማበዛው" አልኩት። መነጽሩን አውልቆ አየኝ። ሳሙና የሚበላ ሽማግሌ ገጥሞት አያውቅም መሰለኝ። ላስረዳው ብል ውጭ ወረፋ የያዘው ሰው ብዙ ነው፤ ደግሞም አፌ ውስጥ ጥጥ ነበረበት። እናንተ ግን ይህን ይዛችሁ ከተቀመጣችሁ ጊዜ አላችሁ ማለት ነውና ለእናንተ ልንገራችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ከጎጃም ተነስቼ ጋምቤላ የተመደብኩ፣ ጺሜ ገና በወጉ ያልበቀለ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። እናቴ አገር ሁሉ እንደ ደጃችን የሚበርድ ይመስላት ስለነበር ወፍራም የሱፍ ኮት አስይዛኛለች። አውቶቡሱ ከጎሬ ወደ ታች መውረድ ሲጀምር ኮቱን አወለቅሁ። ጋምቤላ ልንገባ ስንል ሸሚዜንም ላውልቅ ብዬ ከረዳቱ ጋር ተጨቃጨቅሁ። ያን ኮት ከዚያ ወዲያ የለበሰው ምስጥ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ሙቀት ሰውን ወደ ወንዝ ይወስደዋል፣ ወንዝ ደግሞ ያለ ሳሙና አይኬድም። ከተማው በሙሉ አመሻሹ ላይ ባሮ ዳር ነው፤ የሚያጥበው ያጥባል፣ የሚታጠበው ይታጠባል፣ ዓሣ የሚያጠምደው "ውሃዬን በሳሙና አደፈረሳችሁት" እያለ ሁሉንም ይራገማል። እኔም ሸሚዜን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ለብሼ ቤቴ ስደርስ እንደገና ማጠብ ያስፈልገኝ ነበር። ስለዚህ በወር የምጨርሰውን ሳሙና እናቴ ብትሰማ ልጄ ልብስ አጣቢ ሆኖ ተቀጠረ ብላ ታለቅስ ነበር።

ሳሙናውን የምገዛው ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከትልቁ ማንጎ ሥር ካለችው የማማ ኛዳክ ሱቅ ነው። ማማ ኛዳክ የኑዌር ሴት ናት፤ ረጅም ከመሆኗ የተነሳ በገዛ ሱቋ በር ጎንበስ ሳትል አትገባም። ባሏ ሞቷል። ዘመዶቿ እኩሌቶቹ ሱዳን ድንበር አጠገብ ማታር ናቸው፣ እኩሌቶቹ ደግሞ ከድንበሩ ማዶ፤ ሁሉም ግን ሲርባቸው መንገዱን አይስቱትም። እሷ ቤት ምግብ ሲቀርብ ስንት ሰው እንዳለ ቆጥሬ ጨርሼ አላውቅም፤ ሒሳብ አስተማሪ ሆኜ እንኳ። ያ ሁሉ አፍ የሚበላው ከዚያች የቆርቆሮ ሱቅ ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

የመጀመሪያ ቀን እንደ አስተዳደጌ "እርስዎ" ብዬ ሳነጋግራት ከኋላዋ ማን እንዳለ ለማየት ዞር አለች። ማንም የለም። "ቲቸር፣ ማማ ኛዳክ አንድ ሰው ነው" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ "አንቺ" ሆነች።

ሳሙናው ሰማንያ አምስት ሳንቲም ነው። አንድ ብር ሰጠኋት። ሳሙናውን ሰጠችኝ፤ ሦስት ከረሜላም አከለችበት።

"ማማ፣ መልሴስ?"

"ይኸው።"

"ይሄ እኮ ከረሜላ ነው።"

"አዎ፣ ከረሜላ ነው" አለች፤ አስተማሪው ነገሩ በፍጥነት ስለገባው ደስ ብሏታል።

"እኔ የምፈልገው ሳንቲም ነው።"

"ሳንቲም የለም። ሳንቲም ደግሞ አይጣፍጥም፣ ቲቸር።"

ከረሜላዬን እየመጠጥኩ ሄድኩ። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥርሴ ጉዳይ እዚህ ላይ ተጀመረ።

ከረሜላ ሲያልቅባት በክብሪት ትመልስልኛለች። ክብሪት ሲያልቅ በምላጭ፤ እኔ ደግሞ የምላጨው ነገር የለኝም። አንድ ጊዜ በማንጎ ልትመልስልኝ ሞከረች። ማንጎ! ጋምቤላ ላይ ማንጎ ሳትፈልጉት አናታችሁ ላይ ይወድቃል። "ማማ፣ ይሄ ከዛፉ የወደቀ ነው" ብላት፣ "እኔ ግን አነሳሁት" አለችኝ። ለማንሳቱ ነው ያስከፈለችኝ።

ሌላ ቀን የዓሣ መንጠቆ ሰጠችኝ። ያን መንጠቆ በሁለት ጣቴ ይዤ ወደ ቤት ስሄድ ኡጁሉ አገኘኝ። ኡጁሉ አብሮኝ የሚያስተምር፣ ባሮ ዳር ተወልዶ ያደገ የአኙዋ ልጅ ነው፤ እንግሊዝኛ ያስተምራል፣ በአማርኛ ደግሞ ይስቅብኛል።

"ምን ልታደርግበት ነው?" አለኝ።

"አላውቅም። የሳሙና መልስ ነው።"

"መንጠቆ የያዘ ሰው ዓሣ ካላጠመደ ነውር ነው" ብሎ ወንዝ ወሰደኝ። ወረወርኩ። አንድ ትልቅ ነገር ያዘልኝና ጎተትኩ፤ ጨርቅ ሲቀደድ ሰማሁ። የያዝኩት የራሴን ሱሪ ነበር፣ ከኋላ በኩል። ሱሪውን ለመጥቀም መርፌ ልገዛ ማማ ኛዳክ ጋ ተመለስኩ፤ የመርፌውንም መልስ ሌላ መንጠቆ ሰጠችኝ።

ሳንቲሙ የት ገባ የሚለው ጥያቄ በከተማው ውስጥ የማያልቅ ጨዋታ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸው እንዲሰጥም በሳንቲም ያከብዱታል የሚል አለ። ባለሥልጣናት ወደ አዲስ አበባ ሲበሩ በኪሳቸው እየያዙት ይሄዳሉ፣ አውሮፕላኑ ከማረፊያው በግድ የሚነሳውም ለዚሁ ነው የሚል አለ። ኡጁሉ ደግሞ "በባሮ በሚመላለሰው መርከብ ሱዳን ሄደ" ይል ነበር።

"መርከቡ እኮ ከቆመ ስንት ዘመኑ!"

"ለዚያ ነዋ የማይመለሰው" አለኝ፣ ሳይስቅ።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት ችዬ ነበር። ትዕግሥቴን የጨረሰው የገዛ ክፍሌ ነው። አንድ ቀን ሰሌዳው ፊት ቆሜ፣ "ከአንድ ብር ላይ ሰማንያ አምስት ሳንቲም ቢቀነስ ስንት ይቀራል?" ብዬ ጠየቅሁ። ክፍሉ በሙሉ፣ እንቅልፍ የሚያንጎላጃቸው የኋላ ወንበሮች ሳይቀሩ፣ በአንድ ድምፅ "ሦስት ከረሜላ!" አለኝ።

ሒሳብ በአገሩ ሞተ አልኩ። ከክፍል እንደወጣሁ ቀጥታ ማንጎዋ ሥር ሄድኩ። አንድ ብር አስቀመጥኩ፣ ሳሙና ወሰድኩ፣ ሦስቱን ከረሜላ መለስኩላት።

"አልወስድም ማማ። አስራ አምስት ሳንቲሜን ሳንቲም ሲገኝ ትሰጪኛለሽ።"

"እሺ። ይቆይ" አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሌላውን ቀን መልስ በከረሜላ ብቀበልም፣ በሄድኩ ቁጥር "ማማ፣ አስራ አምስት ሳንቲሜስ?" እላታለሁ። "ዝርዝር የለም፣ ቲቸር። ነገ" ትለኛለች። በነጋታው እሄዳለሁ። ዝርዝር የለም። ሳያስፈልገኝም እሄድ ጀመር፤ ሳንቲሜን ልጠይቅ ሄጄ ዓሣ በልቼ እመለሳለሁ፣ ከማታር የመጣ አጎቷን ተዋውቄ እመለሳለሁ፣ የእህቷን ልጆች ማባዣ ሰንጠረዥ አስጠንቼ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ተናድጄ፣ "ለምን አትከፍይኝምና አንገላገልም?" ብላት ትክ ብላ አየችኝ።

"ቲቸር፣ ሒሳብ ካለቀ ሰው ያልቃል" አለችኝ።

እኔ ይህን አባባል በጊዜው አልወደድኩትም። የተበዳሪ ፍልስፍና ነው ብዬ ናቅሁት። በበኩሌ ሌላ ዘዴ ዘየድኩ፦ ከደመወዜ የሚደርሰኝን ሳንቲም፣ ከአውቶቡስ ረዳት የተረፈኝን፣ ከመንገድ ያነሳሁትን ሁሉ በአንድ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ አጠራቅሜ አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩ። ሱቅ ስሄድ ግን ብር ብቻ ይዤ ነው። በመርህ ነው። መልስ የመስጠት ግዴታ የሻጩ ነው፤ እኔ ዝርዝር ይዤ ከሄድኩ ግዴታዋን ቀለል አደረግሁላት ማለት ነው። ጣሳዬ እየከበደች ስትሄድ መርሄም አብሮ እየከበደ ሄደ።

እስካሁን ያወራኋችሁ ሁሉ የሳቅ ነው። አሁን ወደ ቀበሌው አዳራሽ እንግባ።

በየሳምንቱ የውይይት ክበብ ነበረ። መቅረት አይቻልም። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ደምሴ ይባላሉ፤ ከኢሉባቦር ደጋ የመጡ፣ ሲናገሩ ጠረጴዛ የሚደበድቡ፣ በአንዲት ትንሽ ሴት ልጃቸው ፊት ግን ድምፃቸው የሚጠፋ ሰው ናቸው። ጓድ ደምሴ አንድ ጭንቀት ነበረባቸው። የሌሎች ቀበሌዎች ሊቃነ መናብርት አሻጥር አጋልጠዋል፤ አንዱ የጨው አሻጥር፣ ሌላው የዘይት አሻጥር አግኝቷል። የእኛ ቀበሌ ብቻ አሻጥር አልነበራትም። ጓድ ደምሴ በየስብሰባው ፊታችንን ተራ በተራ የሚያዩት አሻጥር ፍለጋ ነበር።

ሌላም ደንብ ነበራቸው፦ ከሰፊው ሕዝብ ጥያቄ ካልተነሳ ስብሰባው አይዘጋም። ያን ቀን የተነበበው ጽሑፍ ረጅም ነው። የቆርቆሮው ጣራ ያቃጥላል። ማንም አይጠይቅም። ሰው ሁሉ ላቡን እየጠረገ ወደ አስተማሪዎቹ መቀመጫ ያያል፤ ለዚህ አይደል የሚበሉት በሚል አስተያየት። ኡጁሉ በክርኑ ጎሸመኝ። "ጠይቅና እንሂድ።"

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ አባቶች። እኔ ግን ተነሳሁ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ለምሳሌ ሱቆች ለገዢው ቀሪ ገንዘቡን በትክክል፣ በሳንቲም የመመለስ ግዴታ አለባቸው ወይስ የለባቸውም?"

የጓድ ደምሴ ፊት በራ። ልጅ የወለደ ሰው ፊት እንደዚያ ሲበራ አይቻለሁ።

"ጓዶች! ሰማችሁ? የሳንቲም አሻጥር!" ጠረጴዛው ተደበደበ። ወዲያው፣ ማንም ውሃ ጠጥቶ ሳይመለስ፣ ውሳኔ ተላለፈ። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ማንኛውም ሱቅ መልስ በትክክለኛ ሳንቲም ይሰጣል፤ በከረሜላ፣ በክብሪት፣ በምላጭ፣ በመንጠቆ መመለስ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው፤ የማይመልስ ሱቅ ይታሸጋል። ሳንቲም የሚያከማችም አሻጥረኛ ነው።

"ይህ የደረሰብዎት የት ሱቅ ነው፣ ጓድ መምህር?"

እኔ ጣሪያውን ማየት ጀመርኩ። ምን ዋጋ አለው! አዳራሹ በሙሉ በመስኮቱ በኩል ማንጎዋን እያየ ነው። ሕዝቡ ስብሰባው በማለቁ አጨበጨበ። ከኋላ ወንበር ላይ ማማ ኛዳክም ታጨበጭባለች፤ ስንወጣ ወደ እኔ መጣችና "ቲቸር፣ ጥሩ ተናገርክ፣ ድምፅህ ትልቅ ነው" አለችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በነጋታው ሳልፍ ጠራችኝ። ነገሩን ሌሎች አስረድተዋታል። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ቲቸር፣ ሰኞ ሱቅ ይዘጋል?"

"አይዘጋም ማማ።"

"እህት ልጆች አሉ። ከማታር ሌላ ሰው ይመጣል። ሱቅ ከተዘጋ እኔ ምን አበላለሁ?"

የሰጠችኝን ከረሜላ አፌ ውስጥ ይዤ መዋጥም መትፋትም አቃተኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው፤ አስራ አምስት ሳንቲም ላወርድ ብዬ የማማን ሱቅ ልጥለው ነው።

እሁድ ዕለት ከኡጁሉ ጋር ሳንቲም ፍለጋ ወጣን። ሐሳባችን በብር እየለወጥን ለማማ የሚሆን ሳንቲም መሰብሰብ ነው። የአውቶቡስ ረዳቱን ጠየቅን። "የለኝም" አለ፤ ሲራመድ ኪሱ ይንሿሿል። በታንኳ ሰው የሚያሻግሩትን ጠየቅን። የለም። አንዱ ትንሿን ታንኳውን ገፋ ሲያደርጋት ከመቀመጫው ሥር የሆነ ነገር ተንቀጫቀጨ። "ጠጠር ነው" አለን ባለታንኳው። የጓድ ደምሴ ውሳኔ ሳንቲም ያለው ሁሉ አሻጥረኛ ነው ስላለ፣ ትናንት በግልጽ የነበረውም ሳንቲም ዛሬ ጉድጓድ ገብቷል።

የማማ ኛዳክ የጸሎት ሰዎች ጋም ሄድን። ጸሎት ቤታቸው በዚያን ጊዜ በመንግሥት ስለተዘጋ በአንድ ሽማግሌ ግቢ ተሰብስበው በለሆሳስ ይዘምራሉ። ሁለት አስተማሪ ሲያዩ መዝሙሩ ቀጥ አለ። ለማማ መሆኑን ስንነግራቸው ሽማግሌው የመባውን ቅርጫት አመጡ። በውስጡ ሁለት እንቁላል፣ አንድ ጎድጓዳ ሳህን በቆሎና ሦስት ከረሜላ ነበረ። "ሕዝቡም ለእግዚአብሔር እንዲሁ ነው የሚመልሰው" አሉን እየሳቁ። እሳቸው ብቻ ናቸው ያን ቀን እውነቱን የነገሩን።

ደክሞን ባሮ ዳር ተቀመጥን። ኡጁሉ ጠጠር እየወረወረ፣ "አንተስ? ያቺ የወተት ጣሳ?" አለኝ።

"እሷ ሌላ ናት" አልኩ ቆጣ ብዬ። "እሷ የመርህ ናት።"

ኡጁሉ ጠጠሩን ጣለ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ። በጎኑ ተጋደመና ሣቀ፤ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ምን ነካው ብለው ቀና እስኪሉ ድረስ ሣቀ። እኔም ቀስ ብሎ ገባኝ። በመላው ጋምቤላ ሳንቲም ያከማቸ አሻጥረኛ ካለ አልጋዬ ሥር ነው። ከእኔ ሌላ ስንት ሰው እንደ እኔ "መልስ የለም ይሉኛልና ልያዝ" ብሎ ጣሳ እንደሞላ አሰብኩ፤ መልስ የሌለው ደግሞ ሁላችንም ስለያዝን ነው።

ጣሳዬን አምጥቼ ማማ ኛዳክ ፊት ገለበጥኩት። ቆጠረችው። ዘጠኝ ብር ከአርባ አምስት ሆነ። ቀና ብላ አየችኝ።

"ሳንቲም ጠፋ ስንል፣ ለካ አንተ ቤት ነው" አለች። የእህቷ ልጆች ይንፈራገጡ ጀመር በሣቅ። ከዚያ የተጨማደዱ ዘጠኝ ብሮች አውጥታ ሰጠችኝ፤ ቀጥላ ከማሰሮው ዘጠኝ ከረሜላ ቆጥራ ጨመረችበት።

"ይሄ ምንድን ነው ማማ?"

"የአርባ አምስት ሳንቲም መልስ። ሳንቲሙ ለሰኞ ነው፣ መንካት የለም።"

ሳንቲም ተሸክሜ ሄጄ ለሳንቲሜ ከረሜላ ተመለሰልኝ። የጥንቷን አስራ አምስት ሳንቲሜን ላነሳባት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ከረሜላ ጎረስኩና ዘጋሁት።

ሰኞ ጠዋት እፎይ ብዬ ስደርስ ማንጎዋ ሥር ያለው ሰልፍ ወንዙ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ማማ ኛዳክ ጋ ሳንቲም አለ የሚለው ወሬ አድሮ ከተማውን አዳርሶታል። ሰው ሁሉ አንድ ብር ይዞ አንድ ክብሪት ይገዛል፤ መልሱን በሳንቲም ይቀበልና በመሃረቡ ቋጥሮ ወደ ቤቱ፣ ወደ ጉድጓዱ ይሮጣል። የአውቶቡሱ ረዳት ሁለት ጊዜ ተሰልፏል። ባለታንኳው ሚስቱንም አምጥቷል። ጣሳዬ ስትጎድል፣ ስትጎድል አያለሁ። አንድ ጠርዙ የተቆለመመ አስር ሳንቲም ነበረኝ፣ ከጎጃም አብሮኝ የመጣ፤ እሱም በአንዲት አሮጊት መቀነት ገብቶ ሲሄድ በዓይኔ ሸኘሁት።

ጓድ ደምሴ ሲመጡ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ተከትለዋቸዋል፤ አንዱ የማሸጊያ ወረቀት፣ ሌላው የሙጫ ቆርቆሮ ይዟል። ሰልፉ ገለል አለላቸው። እኔ በሱቁ መስኮት በኩል ወደ ጣሳው አየሁ። ባዶ። ባዶም አይደል፣ ከታች አንዲት ስሙኒ ብቻ ተኝታለች። ሃያ አምስት ሳንቲም። ከእሷ ሌላ በዚያች ሱቅ ሳንቲም የለም።

ጓድ ደምሴ አንዲት አዲስ ብር አወጡ። "አንድ ሳሙና" አሉ።

ሰማንያ አምስት ከመቶ ሲቀነስ አስራ አምስት፤ ስሙኒ ደግሞ አትቆረጥም። ኡጁሉ በጆሮዬ "በል አስተማሪ፣ አሁን ምን ይቀራል?" አለኝ።

ማማ ኛዳክ ከበስተኋላዋ ያለውን የሳሙና ካርቶን ሳትቸኩል ሳበችና ተቀመጠችበት።

"ሳሙና አለቀ" አለች። "ሻማ አለ። ሻማ ይሻላል፣ ጓድ። መብራት ይጠፋል።"

"ሻማው ስንት ነው?"

"ሰባ አምስት።"

ጓድ ደምሴ ሻማውን ወሰዱ። ማማ ስሙኒዋን በመዳፏ አድርጋ ዘረጋችላቸው። ተቀበሉ፣ ገለበጡ፣ ወደ ፀሐይ አንስተው አዩ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

"ጓዶች! አያችሁ? ሲፈለግ ይቻላል!"

አጨበጨብን። እኔ ከሁሉም በላይ አጨበጨብኩ። ሙጫ የያዘው አብዮት ጠባቂ ክዳኑን መለሰ። አለቀ አልኩ።

ጓድ ደምሴ ግን አልሄዱም። ሻማቸውን ይዘው፣ ሳንቲማቸውን ይዘው ቆመዋል። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ከረሜላውስ?"

"የትኛው ከረሜላ?" አለች ማማ።

"ልጄ በር ላይ ትጠብቀኛለች። ከሱቅ ስመለስ ሁልጊዜ... ታውቂያለሽ።"

ለካ እሳቸውም! ለካ ያቺ ትንሽ ልጅ አባቷ ዕቃ በገዛ ቁጥር በሩ ላይ ቆማ መልሱን የምትጠብቅ ኖራለች።

"ከረሜላ አንዱ አምስት ሳንቲም ነው" አለች ማማ ኛዳክ። ለአንድ ከረሜላ ስሙኒዋን መልሰው ሰጧት። እሷም ስሙኒዋን አየቻት፣ ጣሳውን አየች። "ሃያ ሳንቲም መልስ የለም" አለች። "በከረሜላ ልመልስ? አሻጥር ነው። አንተ ተናገርክ።"

ሙጫ የያዘው ጠባቂ ክዳኑን ይክፈት አይክፈት ግራ ገብቶት ጓድ ደምሴን ያያል። ጓድ ደምሴ ሙጫውን አዩ፣ ማማን አዩ፣ የከረሜላውን ማሰሮ አዩ። በግንባራቸው የሚወርደው ላብ የሙቀቱ ብቻ አልነበረም። ሱቁን ካሸጉ ልጃቸው ባዶ እጃቸውን ታያቸዋለች፤ ካላሸጉ ውሳኔያቸው ገና በመጀመሪያው ቀን ይሞታል። ያን ጊዜ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በጣም ወደድኳቸው።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"የስሙኒውን በሙሉ ከረሜላ ስጪኝ። አምስት።" ከዚያ ወደ እኛ ዞረው ጮክ አሉ፦ "ጓዶች፣ ይህ መልስ አይደለም፣ ግዢ ነው! ገዢው በገዛ ፈቃዱ ቀሪውን ገንዘብ ከረሜላ ከገዛበት አሻጥር አይባልም! ውሳኔው በዚህ መልክ ተብራርቷል!"

እንደዚያ ያለ ጭብጨባ ያ ማንጎ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የሰማ አይመስለኝም። ጓድ ደምሴ አምስት ከረሜላቸውን በደረት ኪሳቸው ከተው፣ ሻማውን በብብታቸው ይዘው ሄዱ። ወረቀትና ሙጫ የያዙትም አንዳንድ ክብሪት ገዝተው ተከተሏቸው።

ተራዬ ደረሰ። ማማ ኛዳክ ብሬን አይታ ከካርቶኑ ላይ ተነሳች።

"ሳሙና አልቋል አላልሽም?"

"ለጓድ አለቀ። ለአንተ አለ።"

"እንግዲያው ቀሪውን በገዛ ፈቃዴ ከረሜላ እገዛበታለሁ" አልኳት። ሦስት ቆጥራ ሰጠችኝ፤ አንድ ደግሞ መረቀችልኝ። ጥርሴ የቀረውን ዘመኑን እንዲህ ጨረሰ።

ዓመታት አልፈው ዝውውሬ ሲመጣ ክረምት ነበር፤ መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ በአውሮፕላን እንድሄድ ተፈቀደልኝ። ሁልጊዜ ስመኘው የነበረ ዝውውር ነው። ነገር ግን ከከተማው ውጭ ባለው ማረፊያ፣ ሣሩ መሃል፣ ሻንጣዬን ይዤ ስቆም ደስታው ጠፋብኝ። ኡጁሉ አንድ የዓሣ መንጠቆ ሰጠኝ፤ "ከሱሪህ አርቀህ ያዘው" አለ። ማማ ኛዳክ የእህቷን ልጆችና ስማቸውን እስካሁን የማላውቃቸውን ዘመዶቿን አስከትላ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ መጥታለች። ማልቀስ እንዳልጀምር ብዬ የማውቀውን ነገር አነሳሁ።

"ማማ፣ አስራ አምስት ሳንቲሜስ?"

እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። የሻሿ ጫፍ ተቋጥሮ ነበር፤ ስታነሳው ውስጡ ያለው ሳንቲም ሲንሿሿ ሰማሁት። እሷም መስማቴን አየች።

"ዝርዝር የለም፣ ቲቸር" አለችኝ። "ስትመለስ።"

"እሺ ማማ" አልኳት። "ይቆይ።"